በወፍራም ጣውላ ላይ የእጅ መያዣ ቀዳዳ ማውጣት፦ ከመሣሪያ ምርጫ እስከ ማለስለስ

ድሬዳዋ ላይ ፀሐይዋ በረድ ስትል አግዳሚ ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል። ከዚራ ዛፍ ሥር ሻይ የሚያፈላውም፣ መጋላ በረንዳ ላይ ጭማቂ የሚሸጠውም ማታ ማታ መቀመጫውን ያወጣል፤ ሱቁን ሲዘጋ ደግሞ መልሶ ያስገባል። ይህ አግዳሚ እንደ ቤት ወንበር በአንድ እጅ የሚነሳ አይደለም። 5 ሴ.ሜ. ውፍረት፣ 30 ሴ.ሜ. ስፋትና 2 ሜትር ርዝመት ያለው የደረቀ የባሕር ዛፍ ጣውላ እግሩ ሳይቆጠር ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጠርዙን ጨብጦ ያነሳው ሰው ወይ ስንጥር ይገባበታል፣ ወይ ጣውላው ከእጁ ያመልጠዋል። ስለዚህ አናጢ ዘንድ «መያዣ አውጣለት» የሚል ደንበኛ አይጠፋም።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ አራት ጣት የሚያስገባ ሞላላ ቀዳዳ ማውጣት። በ18 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶ ላይ እውነትም ቀላል ነው፤ የተገኘው መሣሪያ ሁሉ ይቆርጠዋል። ውፍረቱ 4፣ 5፣ 6 ሴ.ሜ. ሲሆን ግን ያው መሣሪያ ሌላ ጠባይ ያወጣል። የጂግሶው (ምላጩን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመላልሰው የኤሌክትሪክ መጋዝ) ምላጭ ከሥር ይጣመማል፤ ሆልሶው (ክብ መጋዙ) ሳይዘልቅ መሃል ላይ ይቀራል፤ ፑንታው (ድሪል ላይ የሚታሰረው መብሻ) ይነክስና የእጅ አንጓን ይጠመዝዛል። የእኔ ምክር አጭር ነው፦ ውፍረቱን ለፑንታ ስጡት። መጋዝም ሆነ መሮ የሚገባው ፑንታው ትቶት የሄደውን ጥቂት እንጨት ለማንሳት ብቻ ይሁን። እንዲህ ሲሠራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጥርስ ያለው ነገር እጃችሁ አጠገብ የሚሽከረከርበትም ጊዜ ያጥራል።

ቀዳዳው የት ይውጣ?

መሣሪያ ከመነሳቱ በፊት ጣውላው ይታያል። የቆላ ሙቀት እንጨትን ከመሃሉ ቀድሞ በጫፎቹ በኩል ያደርቀዋል። ከደጋ እርጥቡን የመጣ ባሕር ዛፍ ድሬ ገብቶ ጥቂት ሲቆይ ጫፉ መሰንጠቁ የታወቀ ነው። ስንጥቁ ላይ ላዩን የፀጉር ያህል ቀጥኖ ቢታይም ወደ ውስጥ ይቀጥላል። ጥርጣሬ ካላችሁ ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጉትና ጠብቁ፤ ፊቱ ሲደርቅ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ውሃ ስለሚዘገይ መስመሩ ጠቆር ብሎ ይወጣል። ቀዳዳችሁ በዚያ መስመር ላይ መውደቅ የለበትም። ቅርንጫፍ የነበረበትን ዓይንም ሽሹ፤ ከዙሪያው ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ ፑንታውን ወደ ጎን ይገፋዋል።

አሮጌ ጣውላ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከፈረሰ ቤት ወይም ከአይሱዙ የጭነት ወለል የወጣ ከሆነ፣ ውስጡ የተሰበረ ሚስማር አለ ብላችሁ ጀምሩ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ለዚህ ይበቃል። ማግኔቱን በክር አንጠልጥላችሁ የፊቱን ገጽ ከሞላ ጎደል እያስነካችሁ ብትጎትቱት፣ ሚስማር ያለበት ቦታ ላይ ወደ እንጨቱ ሳብ ይላል። ጥልቅ የተቀበረውን ላያገኘው ይችላል፤ ስለዚህ በሌላም በኩል ድገሙት። ሚስማር የነካ ፑንታ ጥርሱን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ድንገት ይቆምና ድሪሉ በእናንተ ላይ ይዞራል።

ከዚያ የጅማቱን፣ ማለትም በእንጨቱ ውስጥ እንደ ክር የሚሄደውን መስመር፣ አቅጣጫ ተመልከቱ። የሞላላው ርዝመት ከእንጨቱ ጅማት ጋር አብሮ መሄድ አለበት። ምክንያቱ ይህ ነው፦ እጅ ሲያነሳ ክብደቱን የሚሸከመው ከቀዳዳው ጎን የቀረው እንጨት ነው። ጅማቱ በርዝመቱ ከሄደ ያ እንጨት እንደ ሙሉ ዘንግ ይሸከማል። ቀዳዳው ጅማቱን አቋርጦ ከወጣ ግን በጣታችሁና በጣውላው ጫፍ መካከል የቀረው እንጨት አጫጭር ጅማት ብቻ ይሆናል፤ እንደ ብስኩት ይቆረሳል። የግድ አቋርጦ መውጣት ካለበት ከጫፉ ቢያንስ 10 ሴ.ሜ. ይራቅ፤ ስንጥቅ ያለበት ጣውላ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይሞከር። ከጅማቱ ጋር አብሮ ለሚሄደው በጎን በኩል እስከ ጠርዙ 5 ሴ.ሜ. መተው ይበቃል።

አንድ ሰው ለሚያነሳው፣ 1 ሜትር ወይም 1 ሜትር ከ20 ለሚሆን አግዳሚ፣ በትክክል መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ ይበቃል። የ2 ሜትሩ ሁለት ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ከየጫፉ 30 ሴ.ሜ. ያህል ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን እንዲሄድበት። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም ናዮሽ ለሸክም ስሌቱ መነሻ የሚያደርገው ክብደት፣ ሁሉ ነገር ተመቻችቶ እንኳ፣ 23 ኪሎ ነው። እግር የተገጠመለት የ2 ሜትር አግዳሚ ይህን ያልፋል።

ልኩ

ይኸው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መመሪያ ለእጅ መያዣ ቀዳዳ ጥሩ የሚባለውን ልክ አስቀምጧል፦ ቁመቱ ከ38 ሚ.ሜ. ያላነሰ፣ ርዝመቱ 115 ሚ.ሜ.፣ ጫፎቹ ክብ፣ ገጹ ልስልስ ግን የማያንሸራትት። መመሪያው የተጻፈው ለሣጥንና ለመሰል ዕቃ ነው፤ እጅ ግን ያው እጅ ስለሆነ ለጣውላም ይሠራል። ማዕዘን ያለው አራት ማዕዘን ቀዳዳ አታውጡ። ስንጥቅ የሚጀምረው ከማዕዘን ነው፤ ከዚያም በላይ ማዕዘን ማውጣት ከክብ ይልቅ አድካሚ ነው።

ይህ ልክ ከገበያው ፑንታ ጋር ደስ በሚል ሁኔታ ይገጥማል። 38 ሚ.ሜ. ማለት ኢንች ተኩል ነው። በአንድ መስመር ላይ በ40 ሚ.ሜ. ርቀት ሦስት ነጥብ አድርጋችሁ በ38ቱ ፑንታ ሦስት ቀዳዳ ብታወጡ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 118 ሚ.ሜ. ይሆናል፤ በየቀዳዳው መካከል ደግሞ 2 ሚ.ሜ. ድልድይ ይቀራል። ያ ድልድይ በከንቱ የቀረ አይደለም። ቀዳዳዎቹ ቢነባበሩ የሚቀጥለው ፑንታ ግማሽ ጥርሱ አየር ላይ ይሆንና ወደ ቀደመው ቀዳዳ ይሸሻል። ድልድዩ ፑንታውን በዙሪያው ይይዝለታል፤ በኋላ በአንድ መዶሻ የሚወድቅ ነገር ነው።

የያዛችሁት 32 ሚ.ሜ. ፑንታ ብቻ ከሆነ በ34 ሚ.ሜ. ርቀት አራት ቀዳዳ አውጡ። ለሰፊ እጅ ጠበብ ይላል፤ ጠርዙን በሞረድ በደንብ ስታከቡት ግን ያስኬዳል።

ግራይንደሩን አስቀምጡት

«አቦ፣ በግራይንደር በአንድ ደቂቃ ይወጣል» የሚል ሰው ሁሌም አለ። ብረት ሲቆርጥበት የዋለ ሰው ዲስኩን በባለ ጥርስ ዲስክ ቀይሮ እንጨት ላይ ሲያሳርፍ ድሬም ሐረርም ማየት የተለመደ ነው። የዚህን ያህል የምጠላው አሠራር የለም፤ ምክንያቴን ልናገር።

ባለ 115 ሚ.ሜ. ዲስክ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይዞራል። የብረት ዲስክ ሲጣበቅ ይፋቃል ወይም ይሰበራል። ባለ ጥርስ ዲስክ ግን እንጨት ውስጥ ሲነክስ ዞሮ ማሽኑን ራሱን ወደ ያዘው ሰው ይወረውራል። የዲስኩ ግማሽ 57 ሚ.ሜ. ነው፤ ከዚያ ላይ የማሰሪያው ብሎንና የማሽኑ ራስ የሚይዘውን ስትቀንሱ የሚቀረው ጥልቀት 4 ሴ.ሜ. አይሞላም። 5 ሴ.ሜ. ጣውላን እንኳ አይበሳም ማለት ነው። ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? መከላከያውን ይፈታል። አደጋው እዚያ ላይ ነው። ይህን ሁሉ አልፎ ቢቆርጥ እንኳ ዲስክ ክብ ስለሆነ ከሥር ለመድረስ ከላይ ከመስመሩ ውጭ ማለፉ አይቀርም፤ ጫፍና ጫፉ ላይ የቀረው ጭረት የወደፊቱ ስንጥቅ ነው።

ባለ ሰንሰለት መጋዝን በአፍንጫው ጣውላ ውስጥ መክተትም እንዲሁ ነው። የአፍንጫው የላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ላይና ወደ ያዘው ሰው ይወነጨፋል። ሰርኩላር መጋዝን ከላይ ወደ ታች መስመጥም ለዚህ ሥራ አይሆንም። እነዚህን ሦስቱን ትቼ ስለሚሠሩት ልቀጥል።

ድሪልና ፑንታ

ብዙ ቤት ያለው ድሪል ኮንክሪት ለመብሳት የተገዛ ነው። ችግር የለውም፤ ግን የመዶሻ ምልክት ካለበት ወደ ፑንታ ምልክት አዙሩት። እንጨት ላይ በመዶሻ ማስኬድ ቀዳዳውን ያበላሻል፣ ፑንታውንም ያላላዋል። ፍጥነት መምረጫ ካለው 1 ላይ ይሁን። ሰፊ ፑንታ የሚፈልገው ጉልበት ነው፤ ሩጫ አይደለም። የጎን እጀታው ደግሞ እንደ ትርፍ ዕቃ ካርቶን ውስጥ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ለ38 ሚ.ሜ. ፑንታ የግድ ነው። ባለ ባትሪ ድሪልም ይሠራል፤ ባለ 18 ቮልት ከሆነ ለስላሳ እንጨት ላይ በደንብ ይሄዳል፤ ደረቅ ግራር ወይም ወይራ ላይ ግን ባትሪው ቶሎ ይደክማል፣ ሞተሩም ይሞቃል።

ፑንታ ሲመረጥ ውፍረቱ ይወስናል።

ጠፍጣፋው ፑንታ፣ መሃሉ ላይ ሹል፣ ግራና ቀኙ እንደ አካፋ ምላስ የሆነው፣ ርካሽና በየሱቁ ያለ ነው። 5 ሴ.ሜ. ያለ ችግር ይዘልቃል። ቀዳዳው እንደ ፋብሪካ ሥራ ጥርት ያለ አይሆንም፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ጠርዙ ሊከበብ ስለሆነ ለውጥ የለውም። ለጀማሪ ይህንን እመርጣለሁ። ምላሱ ከደነዘዘ በቀጭን ሞረድ ቤት ውስጥ መሳል ይቻላል፤ ሌሎቹን መሳል ከዚህ ይከብዳል።

ሆልሶ የሚባለው ክብ መጋዝ ሁሉም ሰው የሚያስበው ነው። ሲገዛ ጥልቀቱ ይለካ። ደኅና የሚባለው 35 ወይም 40 ሚ.ሜ. ያህል ይገባል፤ በፕላስቲክ ሣጥን ተደርድሮ የሚሸጠው ርካሹ ስብስብ ከዚያም ያነሰ ነው፣ ብረቱም ስስ ነው። ስለዚህ በ5 ሴ.ሜ. ጣውላ ላይ ከሁለቱም ፊት ተገናኝቶ መቁረጥ አለበት። ሌላው ድክመቱ ሰጋቱራው መውጫ የለውም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ይታመቅና ጥርሱን ያግለዋል፣ እንጨቱም መጨስ ይጀምራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሆልሶው በሚያልፍበት ክብ ላይ፣ ወደሚጣለው እንጨት በኩል፣ በ8 ወይም በ10 ሚ.ሜ. ፑንታ አንድ ቀዳዳ አስቀድማችሁ ብሱ። ሰጋቱራው በዚያ ወደ ታች ይፈሳል። ልዩነቱ በድምፁ ይታወቃል።

ጠምዛዛው የእንጨት ፑንታ፣ ጫፉ ላይ እንደ ብሎን ጥርስ ያለው፣ ለወፍራም እንጨት የተፈጠረ ነው። ራሱን እየሳበ ይገባል፣ ሰጋቱራውንም ወደ ላይ ያወጣል። ያ መሳቡ ግን በፈጣን ድሪል ላይ አደጋ ነው፤ ልተወው ሲሉት አይተውም። በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ ላይ ሲታሰር ግን ከሁሉም የተረጋጋ መሣሪያ ይሆናል። መብራት በማይታመንበት ሰፈር ይህን የመሰለ የለም።

ፎርስትነር የሚባለው፣ ራሱ ክብ የሆነው ፑንታ፣ ጥርት ያለ ቀዳዳ ያወጣል፤ ነገር ግን በእጅ ድሪል ቀጥ አድርጎ መያዙ ይከብዳል፣ ጥልቅ ሲሆንም ይግላል። ቋሚ ትራፓኖ (ምሰሶ ላይ የታሰረ ድሪል) ያለው ሰው ይጠቀምበት።

ድልድዩንና ጎኑን ለማንሳት

ሦስቱ ቀዳዳ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ሁለት ቀጭን ድልድይና በየጎኑ ያለው ሹል ሹል እንጨት ነው። ለዚህ ሦስት መንገድ አለ።

25 ሚ.ሜ. ስፋት ያለው ስል መሮና የእንጨት መዶሻ ቀዳሚው ነው። ጸጥ ያለ፣ መብራት የማይፈልግ፣ ስህተቱም የሚታረም ነው። የመሮ ደኅንነት አንድ ሕግ አለው፦ ሁለቱም እጅ ከስለቱ በስተኋላ ይሁን። አንዱ እጅ ጣውላውን፣ ሌላው መሮውን ከያዘ ዱልዱም መሮ አምልጦ የሚሄደው ወደ ያዘው እጅ ነው። ዱልዱም ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ስል መሮ ብዙ ስለማይገፋ ብዙም አያመልጥም።

ጂግሶ ቶሎ ይጨርሳል፤ ግን ምላጩ የሚያዘው ከላይ ብቻ ስለሆነ ወፍራም እንጨት ውስጥ ታችኛው ጫፉ እንደፈለገ ይሄዳል። ከላይ መስመሩን ጠብቆ ከሥር 5 ሚ.ሜ. ገብቶ ይገኛል። ከያዛችሁት ምላጩ ሻካራና ረጅም ይሁን። ማሽኑ ሲሠራ ምላጩ 2 ሴ.ሜ. ያህል ወደ ላይ ስለሚሰበሰብ፣ ለ5 ሴ.ሜ. ጣውላ ከማሽኑ እግር በታች ቢያንስ 8 ሴ.ሜ. መታየት አለበት። ካጠረ ወደ ላይ ሲሳብ ከእንጨቱ ይወጣና ሲመለስ ጫፉ እንጨቱን ይወጋል፤ ማሽኑ ይዘላል። ምላጩን ወደ ፊት የሚያወዛውዘው ማስተካከያ 0 ላይ ይደረግ፤ አትግፉት፣ ከመስመሩም 2 ሚ.ሜ. ወደ ውስጥ ቁረጡ። ቀሪው የሞረድ ነው።

ራውተር፣ በፍጥነት በሚዞር ስለት እንጨት የሚፈለፍለው ማሽን፣ አንድ አግዳሚ ለሚሠራ ሰው ትርፍ ነው። ለድንኳን አከራይ ብዙ አግዳሚ አንድ ዓይነት አድርጎ ለሚያወጣ ግን ከኮምፔንሳቶ ፎርማ ቆርጦ በራውተር መከተል ያዋጣል። እሱም ቢሆን መጀመሪያ በፑንታ ከተከፈተ በኋላ ነው የሚገባው። በአንድ ጊዜ ከ6 ሚ.ሜ. በላይ አይውረድ፤ በቀዳዳው ውስጥ የሚዞረው ደግሞ እንደ ሰዓት አቅጣጫ ነው። ተገላቢጦሽ ከሄደ ማሽኑ ከእጅ እያመለጠ ይሮጣል።

ልብስ፣ ሰዓትና መብራት

የድሬ ሙቀት የራሱ አደጋ አለው። ሰው በሽርጥና በነጠላ ጫማ ይሠራል፤ ላብ ደግሞ እጀታውን ያንሸራትታል። ሽርጡን ለማታ ተዉት። ሱሪና ጣት የሚሸፍን ጫማ፣ ክንዱ የተሰበሰበ ሸሚዝ ይበቃል፤ አንገት ላይ የተጣለ ፎጣ ከድሪል አጠገብ አይቅረብ። ጓንትም አይደረግ፤ የሚሽከረከር ፑንታ ጓንት ሲይዝ ጣቱንም አብሮ ይወስዳል። መነጽር ግን ይደረግ። እንደ ሥራ ሰዓት ከጧቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ያለው ይሻላል። ከቀትር በኋላ ያለው ጊዜ ድሬ ላይ የእንቅልፍና የበርጫ ነው፤ ድሪል የሚነሳበት አይደለም።

የአፍ መሸፈኛም ችላ የሚባል አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ሥራውን ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ መሥራት ጥሩ ነው። ፋን ከፊት ለፊት ከሆነ ሰጋቱራውን ዓይናችሁ ውስጥ ይበትነዋል።

መብራት እየሠራችሁ ቢሄድ ጣታችሁን ከቁልፉ አንሱና ሶኬቱን ንቀሉ። ብዙ ድሪል ቁልፉ ተጭኖ እንዲቀር የሚያደርግ ትንሽ አዝራር አለው፤ በዚህ ሥራ ያንን አዝራር አትንኩት። መብራቱ ሲመለስ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ድሪል በራሱ መዞር የሚጀምረው በእሱ ምክንያት ነው። ረጅም ኤክስቴንሽን ከሆነ ሽቦው ወፈር ያለ ይሁን፤ ተጠቅልሎ እንዳለ አይሰካ፣ ይዘርጋ። በቀጭን ሽቦ የሚሠራ ድሪል ጉልበት ያጣል፣ ሽቦውም ይግላል።

ሥራው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ጣውላውን ባንኮ (የሥራ ጠረጴዛ) ላይ አድርጋችሁ በሁለት ሞርሴቶ (ማጥበቂያ) እሰሩት። ረዳቱን ልጅ ላዩ ላይ አስቀምጦ መብሳት የተለመደ ነው፤ ፑንታው ግን በሥር ሲወጣ የማን እግር እዚያ እንዳለ አይጠይቅም። ቀዳዳው የሚወጣበት ቦታ ከሥሩ ባዶ ይሁን፣ ወይም የሚጣል ቁራጭ እንጨት ከታች አብሮ ይታሰር። ቁራጩ ፑንታው ሲወጣ እንጨቱ እንዳይገነጠል ይይዛል።

በእስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) የመሃሉን መስመር አስምሩ፤ በላዩ ላይ ሦስቱን ነጥብ በ40 ሚ.ሜ. ርቀት ለዩና በሚስማር ጫፍ ረገጥ አድርጓቸው። ከዳር ያሉትን ሁለት ክቦች በኮምፓስ ሳሉ፣ ጎን ለጎን በቀጥታ መስመር አገናኟቸው። የሞላላው መስመር ተወለደ። አሁን መስመሩን በካተር ጫን ብላችሁ ሁለት ጊዜ ተከተሉት። የእርሳስ መስመር ያሳያል እንጂ አያግድም፤ በካተር የተቆረጠ ጅማት ግን ስንጥሩ ከመስመሩ እንዳያልፍ ያግደዋል።

በ6 ሚ.ሜ. ፑንታ ሦስቱንም ነጥብ እስከ ታች ብሱ። ይህ ቀዳዳ የታችኛውን ፊት መሃል ስለሚያሳይ በሁለቱም በኩል ስትሠሩ ይገናኛል። ቀጥ ማለቱ እዚህ ላይ ይወሰናል፦ እስኳድራ ከፑንታው ጎን አቁሙ፣ ረዳቱም ከሌላኛው ጎን ሆኖ ይመልከት። «ጋሼ፣ ወደ ቀኝ አጋድሏል» ሲላችሁ ስሙት፤ ከላይ ሆኖ ማዘንበሉን ማየት አይቻልም። ለሆልሶ ከሆነ 6 ሚ.ሜ. ቀዳዳው ከሆልሶው መሃል ፑንታ እንዳይሰፋ ተጠንቀቁ፤ ከሰፋ ሆልሶው እየተንቀጠቀጠ ይዞራል። ለጠፍጣፋው ፑንታ ደግሞ ከ6 ይልቅ 3 ሚ.ሜ. ይበቃል፤ ሹሉ የሚነክሰው እንጨት ይፈልጋል።

አሁን ትልቁ ፑንታ ይታሰር። ቁልፉን ከመንካታችሁ በፊት ፑንታውን በእጃችሁ ጎትታችሁ መጥበቁን አረጋግጡ፤ ሶኬቱ በዚህ ጊዜ ተነቅሎ ይሁን። እግራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ቁሙ፣ ሁለቱም እጅ ይያዝ፣ ድሪሉ ከመዞሩ በፊት ሹሉ ነጥቡ ላይ ይረፍ። ቀስ ብሎ ጀምሮ ምላሱ ክብ መስመር እስኪያወጣ ጫና አይኑር። ከዚያ ደኅና ጫና፣ ዝግ ያለ ዙር። በየ1 ሴ.ሜ. ፑንታውን እየዞረ ወደ ላይ ሳብ አድርጋችሁ ሰጋቱራውን አራግፉ። የሚወጣው ሰጋቱራ ቁርጥራጭ ከሆነ ስለቱ እየቆረጠ ነው፤ እንደ ዱቄት ደቅቆ ከወጣ ወይ ደንዝዟል ወይ ፍጥነቱ በዝቷል።

ውፍረቱ ሊያልቅ ሲል ጫናውን ቀንሱ። ድሪል እጅ የሚጠመዝዘው መሃል ላይ ሳይሆን ሊወጣ ሲል ነው፤ የቀረውን ስስ እንጨት በአንድ ጊዜ ይነክሰዋል። የሹሉ ጫፍ በታች ብቅ ሲል አቁሙና ጣውላውን ገልብጣችሁ ከዚያኛው ፊት ጨርሱ። ሦስቱንም እንዲሁ፤ መጀመሪያ ሁለቱን ዳሮች፣ መጨረሻ መሃሉን።

ፑንታ ከተነከሰና ከቆመ ቁልፉን ልቀቁ። ደጋግሞ በመጫን ለማስለቀቅ አትሞክሩ። ሶኬቱን ንቀሉና ድሪሉን በእጃችሁ ወደ ግራ አዙሩት፤ ወይም ወደ ኋላ መዞሪያ ካለው ከተረጋጋችሁ በኋላ በዝግታ ተጠቀሙበት። ሆልሶ ውስጥ የቀረ ክብ እንጨት የሚወጣውም ሶኬቱ ተነቅሎ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ነው፤ በጣት አይሆንም።

መሮው ይቀጥላል። ድልድዮቹን በመዶሻ ሰባብሯቸው። ጎን ለጎን የቀሩት ሹል እንጨቶች ጅማታቸው ከግድግዳው ጋር ትይዩ ነው፤ ስለዚህ መሮ መስመሩ ላይ አሳርፎ በአንድ ጊዜ መምታት እንጨቱን ከመስመሩ አሳልፎ ሊሰነጥቀው ይችላል። ከቀዳዳው በኩል ጀምራችሁ 2፣ 3 ሚ.ሜ. እየላጣችሁ ወደ መስመሩ ቅረቡ። የመጨረሻው ልጥ መስመሩ ላይ ይሁን፤ መዶሻ ሳያስፈልግ በእጅ ግፊት ይወርዳል። እስከ ግማሽ ውፍረት ከላይ፣ ቀሪውን ገልብጦ ከታች። መሃል ላይ ጉብታ ከቀረ አትጨነቁ።

ማለስለስ

ብዙ ሰው ቀዳዳው ሲዘልቅ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የእጅ ምቾት የሚሠራው ግን እዚህ ነው፤ ጠርዙ ሹል የሆነ ቀዳዳ 20 ኪሎ ሲሸከም እንደ ሽቦ ጣት ይቆርጣል። ጀርባው ግማሽ ክብ የሆነ የእንጨት ሞረድ ይዛችሁ መጀመሪያ የመሃሉን ጉብታ አውርዱ፤ ከዚያ የላይና የታች ጠርዞችን በ8 ወይም በ10 ሚ.ሜ. ያህል አክብቡ። የታችኛው ጠርዝ አይታይም ተብሎ የሚዘለል ነው፤ ጣት የሚታጠፈው ግን በእሱ ላይ ነው፣ እንዲያውም ከላይኛው ይልቅ እሱ ይከበብ። ሞረዱን ከውጭ ወደ ውስጥ ግፉት፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ከሄደ የጣውላውን ፊት ይገነጥላል።

የብርጭቆ ወረቀት በመጥረጊያ እንጨት ቁራጭ ላይ ጠቅልላችሁ በ80፣ በ120፣ በ180 ቁጥር (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል) ተራ በተራ አስኪዱ። ከ180 በላይ ለመያዣ አያስፈልግም፤ በጣም የተወለወለ እንጨት ላብ ያለበትን እጅ ያንሸራትታል። ለመፈተሽ የጥጥ ቁራጭ ይዛችሁ ዙሪያውን አሹት፤ ስንጥር የቀረበት ቦታ ጥጡን ይይዛል።

አግዳሚው ካልሆነስ? ለመኪና መጫኛ የሚዘረጋ የመረማመጃ ጣውላ ከሆነ ቀዳዳው በፍጹም መሃል ላይ አይውጣ፤ ሰውና ጭነት ሲሄድበት በጣም የሚታጠፈው መሃሉ ነው። ወደ ጫፎቹ ይሁን፣ ጅማቱንም ይከተል። የሥጋ ቤት መክተፊያ ደግሞ፣ 10 ሴ.ሜ. እና ከዚያ በላይ የሚወፍረው፣ የሚዘልቅ ቀዳዳ አይስማማውም፤ ሥጋና ደም ገብቶ ይቀርበታል። ለእሱ በሁለቱ ጎኖች ከሥር በኩል ጣት የሚገባበት ዘቅዛቃ ጉድጓድ በመሮ መፈልፈል ይሻላል።

ከመጠቀም በፊት ይሞከር። አግዳሚውን አንስታችሁ ጥቂት ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ አድርጉት፤ የሚንቋቋ ድምፅ ካለ በቀዳዳው ጫፎች ስንጥቅ ፈልጉ። ደኅና ከሆነ አዲስ የተከፈተውን የእንጨት ገጽ የተቀቀለ የተልባ ዘይት አጠጡት፤ ያልተቀባ ቀዳዳ በዚህ ሙቀት ከሌላው ቀድሞ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃልም። የዘይቱ ጨርቅ ግን ተጨብጦ ጥግ ላይ አይጣል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ተጠቅልሎ የቀረ ጨርቅ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ደጅ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ንከሩት።